ደሴ የወጣው ሩዝ

ነሐሴ 9

ዝናብ። ሚኒባሱ ከደሴ ሲወርድ ሐረጎ ላይ በጉም ሲንፏቀቅ አርፍጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ማርፈዴን ያየ የለም። ማን በሰዓቱ ገብቶ ያየኛል?

እንግዶች ነበሩ። ከየት እንደመጡ አልጠየቅኩም። ሁኔታቸውን ሳየው የመጡት ለምሳው ነው። ዶክተር ሞላልኝ ጫማውን አስጠርጎ፣ አጉሊ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሩዙን በባልዲ የምናበቅልበት የላስቲክ ቤት በር ላይ ተገትሯል። አለቃዬ ነው፣ የዶክትሬት ሥራዬም አማካሪ ነው። ሁለቱንም መርጬ አይደለም። ያችን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሲያደርጋት አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ወረንጦ ሲነካም አላየሁም። እጁ የሚኖረው ኪሱ ውስጥ ነው። ፎቶ ሲነሣ ኪሱ ውስጥ፣ ሲያስጎበኝ ኪሱ ውስጥ... የሚጠቁመው በአገጩ ነው። "በዚህ በኩል እንደምትመለከቱት..." ይልና አገጩን ቀና ያደርጋል። ንጉሥ ነው የሚመስለው፣ የባልዲ ሩዝ ንጉሥ።

አንዷ እንግዳ "ሩዝ አበባ አለው እንዴ?" አለች። ታዲያ ከምን የሚመጣ መስሏት ነው ስትበላው የኖረችው? ሞላልኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አለው፣ አለው። ዓይን አፋር ስለሆነ ነው የማይታየው።" ሳቁለት። ዓይን አፋር... ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ዓይን አፋር።

እኔ ብጠየቅ... እኔን ማን ጠይቆ። ሁለት ገለባ እንደ መዳፍ ገጥሟል። ውስጡ ስድስት ወንዴ ክሮች አሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ሴቴ። ረፋድ ላይ ገለባው ለትንሽ ጊዜ ይከፈታል፣ ወንዴዎቹ ዱቄታቸውን ያራግፋሉ፣ መልሶ ይዘጋል። ይኸው ነው። ይኼን መናገር ምን ይከብዳል?

ነሐሴ 12

አቤ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ። ረዳት ተመራማሪ ነው የሚባለው። ማንን እንደሚረዳ ግን እስካሁን አልደረስኩበትም።

ነሐሴ 16

ቢስሚላህ። ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሁሉም ሩዝ ሲከፈት አንዷ አልተከፈተችም። ጥግ ላይ ያለችው። መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ላልፋት ነበር። ከዛላዋ አንዱን ገለባ በወረንጦ ፈልቅቄ በማጉያው አየሁት። ወንዴ የለም። አንድም። ስድስቱም ቦታ ላይ ሴቴ ነው የበቀለው... ጫፏ ላባ የመሰለች ሴቴ፣ መሃል ካለችው ጋር ሰባት። ሌላ ፈለቀቅኩ። ያው። ሌላም። ያው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አበባ ሲሠራ የሚያዙ ጂኖች አሉ። አንዱ "እዚህ ጋ ገለባ ይሁን" ይላል፣ ሌላው "እዚህ ጋ ወንዴ"፣ ሌላው "መሃል ላይ ሴቴ"። የወንዴው አዛዥ ከተበላሸ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ሴቴ ትወርሰዋለች። ገለባው ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ ቅርፊቶችም በዚያው አዛዥ ሥር ናቸው። ውሃ ጠጥተው ሲያብጡ ገለባውን ገፍተው የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። የሷ ግን መልካቸው ተቀይሯል፣ አያብጡም። ለዚህ ነው ያልተከፈተችው። ይኼን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በዓይን ማየት ሌላ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሰዎች በስንት ማሽን ፈልገው ነው የሚያገኙት። እኔ ጋ ባልዲ ውስጥ በቀለች።

ነሐሴ 17

ስታስበው ደግሞ ያስፈራል። አንዲት ተክል ናት። ዘሩ አምና የመጣው በአንድ ከረጢት ተደባልቆ ስለሆነ ይኼን ጂን የሚሸከሙት እህቶቿ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። እየለየ ማስቀመጥ የነበረበት ማን ነው? ሞላልኝ። የት ነበር? ስብሰባ ላይ።

ራሷ ለራሷ ዘር አታፈራም፣ ወንዴ የላትምና። ገለባዋን ፈልቅቄ፣ ከጤነኛ ሩዝ ላይ ዱቄት አራግፌ፣ መልሼ መሸፈን አለብኝ። ባል ፈልጌ ልድራት ማለት ነው። እማ ይህን ብትሰማ... ለኔ ያልተሳካላትን። ዘር ሳትሰጥ ከሞተች ግን ሁሉም ነገር አብሯት ይሞታል። የዶክትሬት ሥራዬም።

የመጀመሪያው ዛላ አልፎበታል፣ ቆርጬ አልኮል ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌሎቹ ገና ግንዱ ውስጥ ናቸው። በነሱ ነው የምሠራው።

ለማን ልንገር? ለሞላልኝ? በማግስቱ ባነር ያሳትማል። የሱ ስም በትልቁ፣ የኔ ከታች፣ እሱም ቦታ ከተረፈ። ለአቤ? ምሳ ሳይደርስ ቴሌግራም ላይ ነው። ለማንም። ዝም ነው የሚሻለው።

ነሐሴ 20

አቤ ጥጉ ጋ ቆሞ አየሁት። "ይቺ ምነው አትከፈትም?" አለ። "ታማለች" አልኩት። "ትነቀል?" አለ። ትነቀል ይለኛል! ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሷ ሳልነቅል ዋልኩ።

ከሰዓት ሞላልኝ ቢሮ ገባሁ። "ዶክተር፣ ጥቂት ባልዲ ቤት ወስጄ ብከታተል... መንገዱ ጊዜዬን እየበላው ነው" አልኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ አየኝ።

"ረውዳ፣ ሩዝ እኮ ደሴ አይስማማውም።"

"በረንዳችን ሞቃት ነው፣ ዶክተር።"

"ቀኑ አያታልልሽ። ሌሊቱ ይበርዳል።"

"አስቤበታለሁ።"

"ካሰብሽበት እንግዲህ..." አገጩን ወደ በሩ ቀና አደረገ። ሂጂ ማለቱ ነው።

ደሴ ተወልጄ ደሴ ላደግኩት ስለ ደሴ ብርድ ይነግረኛል። የኮምቦልቻ ሰው ሲፈጥረው እንዲህ ነው። ሐረጎን ወጥቶ አንድ ቀን ካስነጠሰው ደሴ በረዶ ቤት ናት ብሎ ሲያወራ ይኖራል። በረንዳችን ዙሪያውን መስታወት ነው። ትናንት ቀትር ላይ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ለክቻለሁ፣ ከላስቲክ ቤቱ አይተናነስም። እሱ ለክቷል? በአገጩ ይለካ እንደሁ እንጃ።

ነሐሴ 22

ሥሯን ለሁለት ከፈልኩት። ዛላ የቋጠሩትን ግንዶች ለይቼ አዲስ ባልዲ ውስጥ ተከልኩ። የቀረው አገዳና አሮጌ ሥር ነው፣ ምንም አይሆንም። አቤ አይቶ እንዳይመራመር ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ባል የሚሆኑትንም ጤነኛ ሩዞች አብሬ ወሰድኩ። ዛላቸው ከሷ ጋር እንዲወጣ እኩያዋን መርጬ።

ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "እህት፣ ሣሩን ወደ ኋላ አድርጊው" አለኝ። ሣር። እሺ፣ ሣር። ጭኔ ላይ ታቅፌያት ወጣሁ።

እማ በረንዳው ላይ በርበሬ አስጥታ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ እህል በረንዳ ላይ ይዘራል እንዴ?" አለች።

"ለሥራ ነው፣ እማ።"

"አላህ ያሳካልሽ። በርበሬዬን ግን ማታ ማታ ሳሎን አስገባዋለሁ፣ ጤዛ ያገኘዋል።"

ጎረቤታችን አትጠገብ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ረውዳ፣ አበባ ተከልሽ?" አለችኝ። ሩዝ ነው ስላት በእመቤቴ ብላ አማተበች። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። የዘይቱና ልጅ ተምራ ተምራ በረንዳ ላይ ሩዝ ታርሳለች። ያውሩ።

ነሐሴ 27

ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል አልቦት አገኘሁት። ጠረግኩት። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ደህና ናቸው። ይኼው። የታለ ብርዱ?

ጳጉሜ 3

መስታወቱን ጠረግኩ። ሞላልኝ ዛሬ "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" አለኝ። የትኞቹ ልጆች ብዬ ደነገጥኩ። ሩዞቹን ኖሯል። ልጆቹ ይላቸዋል፣ ዶክተር ሆኖ። "ደህና ናቸው" አልኩት። "ዛላው ወጣ?" አለኝ። "ሊወጣ ነው።" ምን አገባው?

መስከረም 4

ደሴ ፒያሳ፣ ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ። ልቤ ቆሞ ነው የዋልኩት። ሞላልኝ ጥጉ ላይ የነበረችውን አይቷት ይሆን? ተነሥቶ "በላስቲክ ቤታችን አንድ ታላቅ ግኝት..." ቢልስ? መድረኩ ላይ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ሩዝ ለወሎ ተስፋ ነው" ብሎ ጀመረ፣ "ሩዝ ለወሎ ተስፋ ነው" ብሎ ጨረሰ። መሃል ላይ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ስለ አበባ ጂን አንዲት ቃል አልወጣውም።

እንዴት ይወጣዋል? ቢያያትም አይለያትም። በከንቱ ነው የተጨነቅኩት።

በእረፍት ሰዓት ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፣ እንደ ሕፃን። ግማሹን ሳይጠጣ ተወው። አቤ አጠገቡ ሆኖ ኬክ በኬክ ላይ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ የሥራ ባልደረቦቼ።

መስከረም 9

አዲስ ነገር። ሞላልኝ መጋዘኑ ጀርባ ያለውን አሮጌ ላስቲክ ቤት መኝታ ቤት አድርጎታል። ከምሳ በኋላ ይገባል፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይወጣል። ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ አስደፍኗል፣ ነፋስ እንዳይነካው። ዛሬ ደግሞ ዘበኛውን ጄሪካን ሲያሸክመው ነበር። ውሃ የሞላ ጄሪካን፣ ስንት እንደሆነ እንጃ። አቤን "ለምኑ ነው?" አልኩት። "ውሃ እንዳይጠፋበት ይሆናላ" አለ። እሁድ እሁድም ይመጣል አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ። ሚስቱ ብትሰለቸው አይፈረድባትም።

ደመወዝ በልቶ መተኛትን የመሰለ ነገር የለም።

መስከረም 12

ዛላው አልወጣም። መውጣት ነበረበት። ጫፉ ብቅ ብሎ ቀርቷል... የሷም፣ የባሎቹም። የታነቀ ይመስላል። ውሃ አንሷቸው ይሆን? ማዳበሪያ? ኮምቦልቻ ያሉት እኩዮቻቸው እኮ አብበው ጨርሰዋል።

መስከረም 15

ትናንት የአንዱን ጤነኛ ሩዝ ግንድ ሰንጥቄ ዛላውን አወጣሁት። ገለባው ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ። ፈለቀቅኩት። ስድስቱም ወንዴዎች አሉ፣ ግን ቢጫ አይደሉም። ነጭና የተጨማደዱ ናቸው። ከሥራ በተዋስኩት ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኳቸው። ዱቄት የለም፣ ባዶ ልጣጭ ነው። ሌላውን ባል አየሁ፣ ባዶ። ሁሉንም አየሁ።

የሷን ግንድ ሰነጠቅኩ። ዛላዋ ውስጡ ቡናማ ሆኖ በስብሷል።

ዛሬ ለሱብሒ ሶላት ስነሣ በረንዳ ወጥቼ ቴርሞሜትሩን አየሁት። ዘጠኝ። ሩዝ ዱቄቱን በሚሠራበት ሰሞን፣ ዘጠኝ ዲግሪ። ብርድ ዱቄቱን እንደሚያመክነው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔም አውቀው ነበር! አስተምሬዋለሁ። መስታወቱ በየጠዋቱ ያልበው የነበረው ለምን መስሎኝ ነው የምጠርገው? እማ እንኳ በርበሬዋን ታስገባ ነበር።

ሌሊት አንድም ቀን አልለካሁም። ለምን አልለካሁም? ምክንያቱም ሌሊቱ ይበርዳል ያለው ሞላልኝ ስለሆነ። ሌላ ሰው ብሎኝ ቢሆን እለካ ነበር። ይኸው ነው እውነቱ። በዓለም ላይ አንዲት ተክል ነበረችኝ፣ ከሰው ሸሽጌ በገዛ እጄ ገደልኳት። ሐረጎን አሻግሬ፣ ጭኔ ላይ ታቅፌ።

ደደብ።

መስከረም 19

እማ "ምነው ከፋሽ?" አለች። ሩዙ ሞተ አልኳት። "አብሽሪ፣ ሩዝ እንደሆነ ገበያው ሞልቷል" አለችኝ። ምን ልበላት? አቅፌያት አለቀስኩ። እሷም ለሩዝ እንዲህ ይለቀሳል ወይ እያለች አለቀሰች። አትጠገብ በአጥሩ በኩል ሰምታ ማን ሞተባችሁ ብላ መጣች።

ጥቅምት 8

ለሞላልኝ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? አግኝቼ ደብቄብዎት ነበር፣ ገደልኳት ልበል? አልኮል ውስጥ ያለው ዛላ ብቻ ነው የቀረኝ። ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቆሻሻ ሄጄ አየሁ፣ ዘበኛው አቃጥሎታል። አመድ ነው።

አቤ ፊቴን አይቶ "ለምን ወደ ጤፍ አትዞሪም?" አለኝ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሆኗል ሰሞኑን። ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ የለጠፍከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር... የራሱን ፎቶ፣ ማይክሮስኮፕ አጠገብ። ማይክሮስኮፑ አልተሰካም።

ሞላልኝ አሁንም ከምሳ በኋላ ይጠፋል። ጠግቦ ያድራል፣ ተኝቶ ይውላል። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። ማን ነው የታደለው?

ጥቅምት 25

አዲስ ርዕስ ላቀርብ ወስኛለሁ። የሌላ ሰው ርዕስ፣ የሌላ ሰው ዘር። ሞላልኝ "አትቸኩይ" አለኝ። የማይቸኩል ሰው ምክር።

ኅዳር 2

ዛሬ ባዶ ባልዲዎቼን ከደሴ መለስኩ። አቤ "አሮጌው ላስቲክ ቤት ክተቻቸው" አለኝ። ሰውዬው ተኝቶ እንደሆነ ይነሣ ብዬ በሩን በእግሬ ገፋሁት።

አልጋ የለም። ፍራሽም የለም። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጄሪካኖቹ ክብ ሆነው ተደርድረዋል፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቃቸው ውለው ሌሊት ሙቀቱን እንዲመልሱ። መሃላቸው ላይ አንድ ባልዲ። ባልዲው ውስጥ ሩዝ። ዛላው ወጥቷል፣ ረፋድ ነው፣ ግን ገለባው አልተከፈተም።

ተንበረከክኩ። በጥፍሬ ፈለቀቅኩት። ሰባት ሴቴ።

ከኋላዬ "ጥፍር አይሆንም፣ ገለባውን ትጎጂዋለሽ" የሚል ድምፅ መጣ። ሞላልኝ ናቸው። በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ።

"ይቺ... ከየት?"

"ከጣልሽበት። የዚያኑ ቀን አነሣኋት። ሥሩ ደህና ነበር። ሩዝ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ይኼንንም አውቅ ነበር።

"የመጀመሪያውን ዛላ ካንቺ ቀድሜ ነው ያየሁት" አሉ። "በዚያች በማጉያዋ። ሰው ሳይኖር ነው የማያት።"

"ለምን ዝም አሉ?"

"እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። ያንቺ ባልዲ ነው። ደሴ ልውሰድ ስትይኝ ደግሞ ምን ላድርግ? ከለከልኩሽ፣ እምቢ አልሽ። ከሥር የቀረ ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወሬውን ቀይረው ግድግዳው ሥር ያሉ ሌሎች ባልዲዎችን በአገጫቸው አሳዩኝ። ጤነኛ ሩዝ ነው፣ በየሳምንቱ ልዩነት የተዘራ፣ ከመሃላቸው አንዱ ሁልጊዜ አበባ ላይ እንዲሆን። ባል እንዳይጠፋላት።

"ታዲያ ለምን አላዳቀሏትም? ዛላው ከወጣ ሰንብቷል እኮ።"

ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ፊቴ ላይ ዘረጉት። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ትንሽ አይደለም፣ ሻይ የሚያፈስስ ዓይነት ነው።

"ሦስተኛ ዓመቱ ነው" አሉ። "ወረንጦ አይይዝልኝም።"

ፎቶው። ሻዩ። አገጩ... የነሐሴን ገጾች መልሼ አላነባቸውም። ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ።

ኅዳር 3

አምስት ሰዓት ሳይሆን ገባን። እኔ ቁጭ ብዬ ገለባዎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ከፈትኩ። ባል የተባለው ሩዝ እስኪከፈት ጠበቅን። ዱቄቱ ከተራገፈ በኋላ ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ዛላውን ቆርጦ ልክ ከላይዋ ላይ ማራገፍ ያስፈልጋል። ተነሥቼ ልቆርጠው ስል "ቆይ፣ አንቺ መክፈቱን ቀጥይ። ማራገፉን ለኔ ተይው" አሉ።

"ይችላሉ?"

"እስቲ ተመልከቺ።"

ዛላውን በዚያ እጃቸው ይዘው ከላይዋ ላይ ዘረጉት። ምንም ማድረግ አላስፈለጋቸውም። እጃቸው በራሱ ያራግፈዋል። ቢጫው ዱቄት እኔ በከፈትኩት ላይ ሁሉ በእኩል ወረደ፣ እኔ በጣቴ መትቼ እንዲህ አላሳካውም ነበር። "ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመኝ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ገለባው ላይ አቀርቅሬ ስለነበር ፊቴን አላዩትም።

አቤ መጣ፣ ስልኩን አውጥቶ። "ዶክተር፣ አንድ ፎቶ?"

"ፎቶ የለም። በሩን ዝጋ፣ ሙቀት ታስወጣለህ።"

ይኼ ልጅ እንኳ መቼም አይለወጥም። በሩን ዘግቶ በላስቲኩ በኩል ሲያነሣን አየሁት።

በወረቀት ከረጢት ሸፈንኳትና ወጣን።

ኅዳር 14

"ሩዝ ለወሎ ተስፋ ነው።" ዛሬም ለእንግዶች። ሌላ ንግግር እንዲጽፉ ልነግራቸው ነው፣ ይኼኛውስ አይቻልም። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አበባውን በማጉያው ለእንግዶቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንዱ እንግዳ "ሩዝ አበባ አለው?" ሲል ዓይን አፋር ነው አልኩት። ሳቀ። ያለ ቀልድ እኮ አይሰሙም።

ታኅሣሥ 7

ከረጢቱን ከፈትነው። አብዛኛው ባዶ ነው፣ በጣቴ ስጫነው ይሰረጎዳል። አንዱ ጋ ግን ጣቴ ቆመ። ጠንካራ ነው። ቀጥሎ ሌላ። ትንሽዬ፣ ጠመም ያለ፣ ግን ሙሉ ዘር። ትንፋሼን ይዤ ለቀምኩ፣ መዳፍ የማይሞላ። ልጆቿ ሲበቅሉ ጤነኛ ነው የሚመስሉት፣ ይከፈታሉ፣ ወንዴ ይኖራቸዋል። እሷ የምትመለሰው በልጅ ልጆቿ ላይ ነው። ጥበቃ ነው እንግዲህ። ማን ነበር አትቸኩይ ያለኝ?

ሞላልኝ አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ዘር በማጉያቸው አዩት። እኔ እንዳለሁ፣ ዓይናቸው ላይ አድርገው።

"ታዲያ ዘሩን ደሴ ትወስጂዋለሽ?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፣ ድምፃቸው ውስጥ ግን አለ።

"አይ። እዚሁ እርስዎ ጋ ይቀመጥ።"

መዳፋቸውን ዘረጉ። ይንቀጠቀጣል። በግራ እጄ ከሥር ደገፍኩላቸውና በቀኜ ዘሩን አኖርኩበት። አንድም አልወደቀም።